ሦስቱ በአንድ ሣጥን፦ የቤት ስልክን፣ ሞባይልንና ዋይፋይን ማዋሃድ

(መግቢያ ሙዚቃ)

ዛሬ ስለ አንድ ሣጥን እናወራለን። ሲም ካርድ ይጎርሳል፣ ዋይፋይ ይሰጣል፣ ከጀርባው ባለች ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ የድሮውን የቤት ስልክ ይቀበላል። ብዙ ቤት ውስጥ መደበኛ ስልኩ ለብቻው፣ ሞባይሉ ለብቻው፣ የኪስ ዋይፋዩ ለብቻው ይከፈልባቸዋል። «እነዚህን ሦስቱን አንድ አድርጎ መገላገል አይቻልም ወይ?» የሚለው ጥያቄም የሚነሳው ከዚህ ነው። ይቻላል። ግን ሻጩ ሱቅ ውስጥ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ የዛሬው ዝግጅት በአብዛኛው ስለ እሱ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ፤ የምትጽፉት ቁጥር አለ።

በቅድሚያ የቤት ስልኩ ምን ይሠራ እንደነበር እናስታውስ። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ የሆነው አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ስልክ ማለት ዳንቴል ለብሶ ሳሎን የሚቀመጥ፣ አንዳንዴም መደወያው ላይ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት፣ ጎረቤት ሳይቀር «ስልክ መጥቶልሃል» እየተባለ የሚጠራበት የቤት ንብረት ነበር። ቁጥሩ የቤቱ እንጂ የማንም ሰው አልነበረም። አባት ባይኖር እናት ታነሳለች፤ እናት ባትኖር ልጅ ያነሳል። ኢንተርኔት በ1989፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. መጡና ቁጥሩ ከሳሎን ወጥቶ ኪስ ውስጥ ገባ። ትልቅ ነጻነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም ሁሉም ሞባይሉን ይዞ ሲወጣ እቤት የሚቀሩ ሰዎች አሉ፦ ዓይናቸው የደከመ አያት፣ ገና ሞባይል ያልተገዛለት ልጅ። እነሱ የሚደውሉበት፣ እነሱን የምናገኝበት ቁጥር ያስፈልጋል። መደበኛ ስልኩን ለማስነቀል የምትቸኩሉ ሁሉ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

ገመድ ሳይኖር የቤት ስልክ እንዲኖር ማድረግ ለእኛ አዲስ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲዲኤምኤ በሚባለው ቴክኖሎጂ የሚሠሩ ገመድ አልባ የቤት ስልኮች ወደ ብዙ ቤት ገብተው ነበር። መልካቸው የጠረጴዛ ስልክ፣ አሠራራቸው የሞባይል። የዛሬው ባለ ሲም ሣጥን ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ኢንተርኔቱን ጨምሮ።

ሌላው ዓለም ይህን ማዋሃድ ከሁለት አቅጣጫ ሞክሮታል። ፈረንሳይ ውስጥ ፍሪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሪቦክስ የሚባል ሣጥን በወር 29.99 ዩሮ ክፍያ አወጣ። በመጀመሪያ ኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ስልክና ቴሌቪዥን ተጨመረበት። ሕዝቡ ወደደው፤ ተወዳዳሪዎቹም ተከተሉት። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ቢቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ቢቲ ፊውዥን ብሎ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። አንድ የእጅ ስልክ ነው፤ ቤት ሲሆን በቤቱ መስመር፣ ከቤት ሲወጣ በሞባይል ኔትወርክ ይሠራል። ይኼኛው ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ ቤቱን የሚያገለግለው ሣጥን ሥር ሰደደ፤ የሰውን ስልክ የቤት ስልክ ለማድረግ የተሞከረው ግን አልያዘም።

እናም ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። የቤቱ የሆነውን አዋህዱ፤ የሰው የሆነውን ለብቻው ተዉት። የቤት ስልክና የቤት ዋይፋይ በአንድ ሣጥን ቢሠሩ ጥሩ ነው። ሞባይላችሁን፣ በተለይም ቁጥሩን፣ ከዚያ ሣጥን አርቁ። ምክንያቱን እየሄድን እናያለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ገበያ ላይ የምታገኙት ዕቃ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የኪስ ዋይፋይ ወይም ሚፋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቫቴል ዋየርለስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሚፋይ ብሎ ያወጣው መሣሪያ አምስት ዕቃ ብቻ ነበር የሚያገናኘው፤ ዛሬ ያሉት ከዚያ በላይ ይችላሉ። ባትሪ አለው፣ ይዛችሁት ትወጣላችሁ፤ የስልክ ቀዳዳ ግን የለውም። ስለዚህ የቤት ስልክ ሊሆንላችሁ አይችልም። ሁለተኛው ሲም የሚቀበል የጠረጴዛ ስልክ ነው፤ ቁልፎቹ ትልልቅ፣ ባትሪ ያለው፣ አንዳንዱም ዋይፋይ የሚሰጥ። ለአዛውንት ይመቻል፤ ዋይፋዩ ግን ብዙ ሰው ላለበት ቤት ይደክማል። ሦስተኛው ዋናው ሣጥን፣ ባለ ሲም ራውተሩ ነው።

ይህን ሣጥን አዙራችሁ ጀርባውን እዩት። ክቧ ቀዳዳ የመብራት ናት። ከጎኗ ያሉት ሰፋፊዎቹ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ኮምፒዩተር በገመድ የሚያያዝባቸው ናቸው። ከነዚያ ጠበብ ያለች፣ አናቷ ላይ የስልክ ሥዕል ያለባት አንዲት ቀዳዳ ካገኛችሁ፣ የምትፈልጓት እሷ ናት፤ አር ጄ 11 ትባላለች። የቤት ስልካችሁ ገመድ ቀጥታ እዚያ ይሰካል። ይህች ቀዳዳ ከሌለች፣ ሻጩ ምንም ቢምል ቢገዘት፣ ያ ሣጥን ኢንተርኔት ብቻ ነው። ለምሳሌ በብዙ አገር የተሸጠው የሁዋዌ ቢ 315 አራት የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳና አንድ የስልክ ቀዳዳ አለው፤ በዋይፋይ እስከ 32 ዕቃ ያገናኛል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ እስከ 150 ሜጋ ቢት ይደርሳል ተብሎ ተጽፎበታል። የተጻፈው ጣሪያው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከአንድ የኔትወርክ ማማ በሚቀዳበት በምሽት ሰዓት ያንን አትጠብቁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ ሰው ከሣጥኑ የሚወጣውን የስልክ ገመድ ግድግዳው ላይ ባለው የድሮ የስልክ ሶኬት ይሰካዋል፤ «በየክፍሉ ያሉት ስልኮች ሁሉ ይሠራሉ» ብሎ ነው። የድሮው መስመር ከውጭ ካልተቋረጠ፣ ከስልክ ጣቢያው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሣጥኑን ሊያቃጥለው ይችላል። ስልኩን በቀጥታ ከሣጥኑ ጋር አያይዙት። ሁለት ክፍል ውስጥ ስልክ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ሁለት እጀታ ያለው ገመድ አልባ የቤት ስልክ መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ድምፅ እንግባ። ብዙ ሰው 4ጂ እስካለ ድረስ መደወል ችግር አይሆንም ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ ነው። የቀደሙት 2ጂና 3ጂ ኔትወርኮች ድምፅ የሚሄድበት የራሱ መንገድ አላቸው። 4ጂ ግን ከመሠረቱ የተሠራው ለዳታ ነው። ድምፅ በእሱ እንዲያልፍ ቮልቲ የሚባለው አሠራር ያስፈልጋል፤ ንግግሩ ተቆራርጦ እንደ ማንኛውም ዳታ ይላካል ማለት ነው። ኔትወርኩ፣ ሲሙና ሣጥኑ ሦስቱም ይህን አሠራር ካልቻሉ፣ ስልክ ሲደወል ሣጥኑ 4ጂውን ለቆ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ተመልሶ ይወጣል። ወደ 3ጂ ሲወርድ ኢንተርኔቱ ይዘገያል። ወደ 2ጂ ከወረደ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሹን ይቆማል።

ይህ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። እናት ሳሎን ተቀምጠው ከእህታቸው ጋር ለአንድ ሰዓት ያወራሉ። መኝታ ቤት ያለችው ተማሪ ኢንተርኔቷ ይቆማል። «ኧረ እማዬ፣ ዋይፋዩ ተበላሸ!» ትላለች። እናት «ቆይ፣ ስልክ ላይ ነኝ፣ ስጨርስ አየዋለሁ» ይላሉ። ጨርሰው ሲነሱ ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ማንም ምንም አልነካውም፤ «በራሱ ተሠራ» ይባላል። ሣጥኑ ምንም አልሆነም፤ ስልኩንና ኢንተርኔቱን በተራ ነው የሚያስተናግደው።

ስለዚህ ብራችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ይህን ሞክሩ። የራሳችሁን ሲም አስገቡ። ተራ የቤት ስልክ ከኋላው ሰክታችሁ ወደ ሞባይላችሁ ደውሉና አንሱት፤ አትዝጉት። ንግግሩ ክፍት እንዳለ፣ በሌላ ስልክ የሣጥኑን ዋይፋይ ያዙና ከዚህ በፊት ያልከፈታችሁትን ቪዲዮ ክፈቱ። ያለ ችግር ከሄደ ሣጥኑ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ይችላል። ቆሞ ከተሽከረከረ አይችልም። አይችልም ማለት አይረባም ማለት አይደለም፤ ስልክ እምብዛም የማይደወልበት ቤት ምንም ላይሰማው ይችላል። ዋጋ ስትከራከሩ ግን ይህን አውቃችሁ ተከራከሩ። ሌላም አለ፦ አንዳንድ ሲም ለዳታ ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ ስልክ አያስደውልም። ሲሙን ስትገዙ «ድምፅም ይሠራል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ቀጥሎ መብራት። እኔ ይህን ከሁሉም በላይ አስቀድመዋለሁ።

የድሮው የመዳብ መስመር ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ነው፤ 48 ቮልት ገደማ በዚያው በስልኩ ገመድ ይመጣል። ጣቢያው ባትሪና ጄኔሬተር ስላለው፣ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲጠፋበት የቤት ስልኩ ይሠራል። ይህን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም፤ ሲሠራ የኖረ ነገር ነውና። ፋይበር የሚባለው የመስታወት ክር መስመር ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። በፋይበር የሚያልፈው ብርሃን ነው፤ ኤሌክትሪክ ይዞ አይመጣም። ቤት ያለው ሞደም መብራት ካጣ ስልኩም አብሮ ይሞታል። ባለ ሲም ሣጥኑም እንደዚያው ነው።

በዚህ ጉዳይ ሌሎች አገሮችም ተቸግረዋል። ብሪታንያ የድሮውን የመዳብ ስልክ ኔትወርክ ዘግታ ሁሉንም ወደ ኢንተርኔት ስልክ ልታዞር ወሰነች፤ ቀኑ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የ2025 መጨረሻ ነበር፤ በኋላ ወደ ጥር 2027 ተገፋ። ከምክንያቶቹ አንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የድረሱልኝ መጥሪያ ነው። መጥሪያው በቤት ስልኩ መስመር ነበር የሚሠራው፤ መስመሩ ሲቀየርባቸው መጥሪያው ያልሠራላቸው ሰዎች ተገኙ። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ከቤት ስልክ በቀር ሌላ መገናኛ ለሌላቸው ሰዎች ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የሚያቆይ መጠባበቂያ እንዲቀርብላቸው ይጠይቃል። አንድ ሰዓት! ለለንደን ይበቃ ይሆናል። ለእኛ ሰፈር ግን ከዚያ በላይ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የሣጥኑ ቻርጀር ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፒር ተብሎ ከተጻፈ፣ ሁለቱን ስታባዙ 12 ዋት ይመጣል። ይህ ከፍተኛው ነው፤ ሲሠራ ከዚያ ያነሰ ይወስዳል፤ 8 ዋት እንበል። አሁን 20,000 ሚሊ አምፒር የተጻፈበት ፓወር ባንክ ውሰዱ። ውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ስለሆነ የሚይዘው 74 ዋት ሰዓት ነው። ከአንዱ ቮልት ወደ ሌላው ሲለወጥ የሚባክን አለ፤ ሩቡን ብንቀንስ 55 ገደማ ይቀራል። 55ን ለ8 ስናካፍል ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ያደርሳል ማለት ነው።

ግን ፓወር ባንኩ በዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፤ ሣጥኑ የሚፈልገው 12። በመሐል 5ን ወደ 12 የሚያሳድግ ገመድ ያስፈልጋል። ዩኤስቢው በአንድ ጫፍ፣ የራውተሩ ክብ መሰኪያ በሌላው ጫፍ ያለበት፣ መሐሉ ላይ እብጥ ያለ ገመድ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ብትጠይቁ ያውቁታል። ፓወር ባንኩ ከ2 አምፒር በላይ መስጠት የሚችል መሆኑን እዩ፤ ደካማ ከሆነ ሣጥኑ እየበራ እየጠፋ ያስቸግራችኋል። ገመዱ ላይ የተጻፈው ቮልትም ሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በ9 ቮልት የሚሠራ ሣጥን 12 ቮልት ከተሰጠው ሊቃጠል ይችላል። በዚህ ሁሉ መጨነቅ የማይፈልግ ሰው ለራውተር ተብሎ የተሠራውን ትንሹን መጠባበቂያ ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ይግዛ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ማማም በባትሪ ነው የሚቆየው፤ መጥፋቱ ከረዘመ ኔትወርኩም ሊሄድ ይችላል። የእናንተ ባትሪ ያንን አይፈታም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ቅድም «ሞባይላችሁን ከሣጥኑ አርቁ» ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳ። አንዳንድ ቤተሰብ አዲስ ሲም ላለመግዛት ሲል ከአባትየው ወይም ከእናትየው ሲሞች አንዱን አውጥቶ ሣጥኑ ውስጥ ይከተዋል። ይህን አታድርጉ። ዛሬ የሞባይል ቁጥር መደወያ ብቻ አይደለም። የሞባይል ገንዘቡ፣ ቴሌብር፣ የተከፈተው በእሱ ነው። ባንኩ ገንዘብ ሲወጣና ሲገባ መልእክት የሚልከው፣ የይለፍ ቁጥር የሚሰደው ወደ እሱ ነው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ በሌላ ስልክ ሲከፈቱ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነው። ሲሙ ሣጥኑ ውስጥ ከገባ እነዚህ መልእክቶች የሚያርፉት ሣጥኑ ውስጥ ነው። የሣጥኑን የመቆጣጠሪያ ገጽ መክፈት የሚችል ሰው ሁሉ ሊያነባቸው ይችላል፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ለእንግዳ፣ ለተከራይ፣ ለጎረቤት ልጅ ሰጥታችሁ ይሆናልና አስቡበት። ለሣጥኑ የራሱን ሲም ግዙለት። ያ ቁጥር የቤቱ ቁጥር ይሁን፤ ለዘመድ አዝማድ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለዕድር የምትሰጡት እሱን ይሁን።

የመቆጣጠሪያ ገጹን ካነሳን አይቀር፣ ሣጥኑ ሥር የተለጠፈ ወረቀት አለ። የዋይፋዩ ስም፣ የይለፍ ቃሉና እንደ 192.168.8.1 ያለ የቁጥር አድራሻ ተጽፎበታል። አድራሻውን ስልካችሁ ላይ ባለው ኢንተርኔት መክፈቻ ብትጽፉት የሣጥኑ ገጽ ይከፈታል። መጀመሪያ የምትሠሩት የገጹንም የዋይፋዩንም የይለፍ ቃል መቀየር ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ይሁኑ። ቀሪ ሒሳብ ለማወቅ የለመድነው ኮከብ 804 መሰላል፣ ጥቅል ለመግዛት ኮከብ 999 መሰላል በአንዳንድ ሣጥን ላይ ከተሰካው የቤት ስልክ ሲደወል አይሄድም። ገጹ ላይ አጭር ኮድ የሚጻፍበት ቦታ ካለ ከዚያ ይሞከራል። ከሌለ ደግሞ ከራሳችሁ ሞባይል ለቤቱ ቁጥር ጥቅሉን ገዝታችሁ ላኩለት።

ጥቅል ካልን፣ «ሣጥኑን ከገዛን ወዲህ ዳታው በሦስት ቀን ያልቃል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሣጥኑ ሌባ ሆኖ አይደለም። ሞባይል ስልክ ዋይፋይ ሲያገኝ ነጻና ገደብ የሌለው አድርጎ ነው የሚያስበው። በሲም ሲሆን ይጠነቀቅ የነበረው ስልክ፣ ዋይፋይ ሲይዝ መተግበሪያዎቹን ሁሉ ያድሳል፤ ፎቶውንና ቪዲዮውን ክላውድ ወደሚባለው የኢንተርኔት መጋዘን ይጭናል፤ ቪዲዮ ሲከፈትም ጥራቱን ከፍ ያደርጋል። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት ሊበላ ይችላል። አራት ስልክ ያለበት ቤት አራት እጥፍ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ዋይፋዩን ተጭናችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ስትገቡ «ሚተርድ» የሚል ምርጫ አለ፤ በቆጣሪ የሚለካ ማለት ነው። እሱን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ያንን ዋይፋይ እንደ ሲም ዳታ ቆጥሮ ይጠነቀቃል። በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስልክ ላይ አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል። ያልተገደበ ጥቅል ያላችሁ ይህ አያስጨንቃችሁም።

ሣጥኑ የት ይቀመጥ? አብዛኛው ሰው ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል፤ ከሚመረጡት ቦታዎች መጥፎው እሱ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር የማማውን ሲግናል ይመልሱታል። መስኮት አጠገብ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ማማው ባለበት አቅጣጫ ይቀመጥ። ሁለት ሦስት ቦታ እያዛወራችሁ በሲግናሉ መብራት ወይም በመቆጣጠሪያ ገጹ ላይ እዩት። በሁለት ሜትር ልዩነት የምታዩት ለውጥ ይገርማችኋል።

ከውጭ አገር ዘመድ ዕቃ የሚያመጣላችሁ አላችሁ። አሜሪካ ያለ ወንድም «እዚህ በርካሽ አገኘሁልህ» ብሎ ባለ ሲም ራውተር በሻንጣ ቢያመጣ ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ለአንድ ኩባንያ ሲም የተቆለፈ እንዳይሆን። ሁለተኛ፣ የሚቀበለው የሬዲዮ ሞገድ። በአፍሪካና በአውሮፓ 4ጂ በብዛት የሚሠራው በ800፣ በ1800 እና በ2600 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 700 እና 1900 ከዋናዎቹ ናቸው። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ ሣጥን እዚህ ሲበራ ሲሙን ያውቀዋል፤ ኔትወርክ ግን አያገኝም ወይም በ3ጂ ይቀራል። ከአውሮፓ የመጣ የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው።

እዚያው አሜሪካ ሆናችሁ ለምትሰሙን ደግሞ፣ የቤት ስልካችሁን ወደ ኢንተርኔት ስልክ ካዞራችሁ፣ 911 ሲደወል የሚታየው የመዘገባችሁት አድራሻ ነው። ቤት ስትቀይሩ ሣጥኑን ነቅሎ መውሰድ ቀላል ነው፤ አድራሻውን መቀየር ግን ይረሳል። አምቡላንሱ የሚሄደው ወደ ድሮው ቤት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ ትልልቅ ኩባንያዎች 3ጂን ሲዘጉ በእሱ ይሠሩ የነበሩ ያረጁ የቤት ስልክ ሣጥኖች ሁሉ ከጥቅም ውጭ እንደሆኑም አትርሱ፤ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ 4ጂ መሆኑን አረጋግጡ።

እንግዲህ ማን ይግዛ? ፋይበር ገብቶላችሁ ያልተገደበ ኢንተርኔት ያላችሁ ቤተሰቦች ይህ ሣጥን አያስፈልጋችሁም፤ ለሞደማችሁ መጠባበቂያ ባትሪ ግዙለት፣ ገንዘባችሁ እዚያ ይዋል። ብቻውን የሚኖር፣ ቀኑን ውጭ የሚውል ሰው ሚፋይ ወይም የሞባይሉ ሆትስፖት ይበቃዋል፤ የቤት ስልክ የሚያነሳለት የለምና። የሞባይሉን ሆትስፖት ግን ቀን ከሌት ከፍቶ ቻርጀር ላይ የሚያሳድር ሰው ባትሪውን በሙቀት እየገደለው ነው። ገመድ ባልደረሰበት ሰፈር፣ ኪራይ ቤት፣ ነገ ሊለቀቅ በሚችል ግቢ ውስጥ ለሚኖር፣ ሽማግሌም ተማሪም ላለበት ቤተሰብ፣ ከአረብ አገር በኢሞ የምትደውል ልጅ ድምፅ በየማታው ለሚጠበቅበት ቤት ግን ባለ ሲሙ ሣጥን ከነስልክ ቀዳዳው ደህና ግዢ ነው። ቤት ሲለቀቅ ቁጥሩም ዋይፋዩም አብረው ይሄዳሉ። መደበኛ መስመር ያላችሁ ከሆነ አዲሱ ሣጥን በደንብ መሥራቱን መብራት በጠፋበት ምሽት ሳታዩት የድሮውን አታስነቅሉ።

በመጨረሻም ያስያዝኳችሁ ወረቀት። አዲስ አበባ ላይ ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ከነዚህ ሥር የሣጥኑን አዲስ ቁጥርና የቅርብ ዘመድ ቁጥር ጨምሩ። ቁጥር በሞባይል ውስጥ ስለሚቀመጥ በቃሉ የሚይዘው ሰው ጠፍቷል፤ ከቤት ስልክ የሚደውል አያት ወይም ልጅ ግን ከወረቀት ነው የሚያነበው። በትልልቁ ጻፉትና ስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፉት።

(መዝጊያ ሙዚቃ)